የብረት ምድጃው ሲቀየር ሠራተኛው የት ይገባል?

በዚህ እትም ስለ ብረት እንነጋገራለን። የክፍላችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ የወንበራችን እግር ብረት ነው፤ በሙያ ማሠልጠኛው ብየዳ የሚማሩት ልጆችም ቀኑን ሙሉ ከእጃቸው የማይለየው ብረት ነው። ሰሞኑን ከነዚሁ የብየዳ ተማሪዎች አንዱ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ቲቸር፣ ብረት ፋብሪካዎች አየሩን ስለሚበክሉ ሊዘጉ ነው ይባላል። ታዲያ እኛ ይህን ሙያ የምንማረው ለምንድነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። አጭሩ መልስ፣ ብረት አይቀርም፤ የሚቀየረው አሠራሩ ነው የሚል ነው። ረጅሙ መልስ ግን ሁለት ነገር ማወቅ ይጠይቃል። አንደኛ፣ ብረት ሲሠራ ካርቦኑ ከየት ይመጣል? ሁለተኛ፣ አሠራሩ ሲቀየር በዚያ ሥራ ይተዳደር የነበረው ሰው ምን ይሆናል? እስቲ በየተራ እንያቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካርቦኑ ከየት ይመጣል?

ከመሬት የሚወጣው የብረት ማዕድን ንጹሕ ብረት አይደለም። ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ነው የሚገኘው። ዝገትን አስቡ። ሚስማር ውጭ ሲያድር የሚቀላው ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ስለሚዋሐድ ነው። ማዕድኑም የዚያው ዘመድ ነው። እንግዲህ ብረት ማውጣት ማለት ኦክስጅኑን ከብረቱ ማላቀቅ ማለት ነው።

ለማላቀቅ ደግሞ ኦክስጅኑን ከብረቱ ነጥቆ የሚሄድ ነገር ያስፈልጋል። የጥንት ብረት አቅላጮች ይህን በእንጨት ከሰልና በወናፍ ይሠሩት ነበር። በደቡብ ኢትዮጵያ በኦሞ አካባቢ የሚኖሩት የዲሜ ሰዎች በዚህ ሙያ የታወቁ ነበሩ። ከከሰሉ የሚገኘው ካርቦን ኦክስጅኑን ይዞ በጋዝ መልክ ይወጣል፤ ብረቱ ይቀራል። የዛሬዎቹ ትልልቅ ፋብሪካዎችም መሠረተ ሐሳቡን አልቀየሩትም። በእንጨት ከሰል ፋንታ ከድንጋይ ከሰል የተዘጋጀ ኮክ ይጠቀማሉ፤ ምድጃውም እንደ ፎቅ የረዘመ ነው። ይህ ምድጃ ብላስት ፈርነስ ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የሚመጣው ለማሞቂያ ከሚነደው እሳት ብቻ አይደለም። ከራሱ ከኬሚስትሪው ነው። ስለዚህ ፋብሪካው መብራቱንና ሞተሩን ሁሉ በፀሐይ ኃይል ቢያንቀሳቅስ እንኳ ችግሩ አይፈታም። «ከባድ ኢንዱስትሪን ማስተካከል ከባድ ነው» የሚባለው ለዚህ ነው። ሲሚንቶም እንደዚሁ ነው። የኖራ ድንጋይ በ1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ወደ ሲሚንቶ ሲለወጥ፣ ድንጋዩ ራሱ በውስጡ የያዘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል።

ቁጥሩን እንመልከት። ዓለም በዓመት 1.9 ቢሊዮን ቶን ያህል ብረት ታመርታለች። ከዚህ ውስጥ 70 በመቶ ገደማው የሚመጣው ከብላስት ፈርነስ ሲሆን፣ በዚህ መንገድ ለሚመረተው ለእያንዳንዱ ቶን ብረት ከ2 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል።

«ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ሰው ይኖራል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀሩ። ከብት አለቀ፤ ብዙ ቤተሰብ ወደ ካምፖች ተሰደደ። በ2023 ወርልድ ዌዘር አትሪቢዩሽን የተባለው የተመራማሪዎች ስብስብ ባወጣው ጥናት፣ የሰው ልጅ ያመጣው የአየር ንብረት ለውጥ የዚያን ድርቅ የመከሰት ዕድል ቢያንስ 100 ጊዜ እጥፍ እንዳደረገው ገልጿል። ካርቦኑ ሩቅ ቦታ ይለቀቃል፤ ጉዳቱ ግን እዚህ ድረስ ይመጣል።

ሌላ መንገድ አለ ወይ?

አለ። ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ቁርጥራጭ ብረትን መልሶ ማቅለጥ ነው። በአዲስ አበባ ሰፈሮች «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረውን ሰው የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የሚሰበስበው አሮጌ ብረት ተመልሶ ሊቀልጥ ይችላል። በትልልቅ ፋብሪካ ይህን የሚሠራው ምድጃ የኤሌክትሪክ አርክ ምድጃ ይባላል። የብየዳ ተማሪዎች ይህን ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ። ኤሌክትሮዱን ወደ ብረቱ ስታስጠጉ የሚፈጠረውን ዓይን የሚያጠፋ ብርሃን አስቡ። ያንኑ አርክ በጣም አግዝፉትና በአንድ ጊዜ ከመቶ ቶን በላይ ብረት ሲያቀልጥ ተመልከቱት። ኦክስጅኑ ቀድሞ የወጣለት ብረት ስለሆነ ብዙ ካርቦን አያስፈልገውም። ሁለት ችግር ግን አለ። ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል ከመጣ ጭሱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልቀረም። ደግሞም በሕንፃና በድልድይ ውስጥ ያለው ብረት ለብዙ ዓመታት አይመለስም፤ ስለዚህ ቁርጥራጩ ለዓለም ፍላጎት አይበቃም።

ሁለተኛው መንገድ ሃይድሮጂን ነው። ሃይድሮጂን እንደ ካርቦን ሁሉ ኦክስጅኑን ከብረቱ ይነጥቃል። የሚወጣው ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይሆን ውሃ ነው! በስዊድን የብረት፣ የማዕድንና የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ሦስት ሆነው በ2016 ሃይብሪት የተባለ ሥራ ጀመሩ። በ2020 ሉሌዮ በተባለች ከተማ የሙከራ ፋብሪካ ከፈቱ፤ በ2021 ደግሞ በዚህ መንገድ የተሠራውን የመጀመሪያ ብረት ለቮልቮ ኩባንያ አስረከቡ። ስለዚህ ነገሩ ሕልም አይደለም፤ ተሠርቶ ታይቷል።

ሦስተኛው የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ከመሬት በታች መቅበር ነው። በኖርዌይ ብሬቪክ በተባለ ቦታ ያለ አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ በ2025 ይህን በይፋ ጀምሯል። ዕቅዱ በዓመት 400,000 ቶን ለመያዝ ነው፤ ይህም ፋብሪካው ከሚለቀው ግማሽ ያህሉ ነው።

ታዲያ ዓለም ለምን ቶሎ አልተቀየረችም? ንጹሕ ሃይድሮጂን ውድ ነው፤ ብዙ ኤሌክትሪክም ይፈልጋል። በ2025 አርሴሎርሚታል የተባለው ግዙፍ ኩባንያ በጀርመን ሁለት ከተሞች የያዘውን እንዲህ ያለ ዕቅድ ሰርዟል፤ መንግሥት ሊሰጠው የነበረውን 1.3 ቢሊዮን ዩሮ እንኳ አልተቀበለም። መንገዱ ታውቋል፤ ጉዞው ግን ይጎተታል።

ሰውየውስ?

እስካሁን ያወራነው ስለ ምድጃ ነው። አሁን ወደ ሠራተኛው እንምጣ።

በዌልስ ፖርት ታልቦት የምትባል ከተማ አለች። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረችው በብረት ነው። አያት፣ አባትና ልጅ በአንድ ፋብሪካ የሠሩበት ቤት ጥቂት አይደለም። የፋብሪካው ባለቤት ታታ ስቲል በጃንዋሪ 2024 ሁለቱን ብላስት ፈርነሶች እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከፍተኛ ኪሳራ ላይ መሆኑንም ገለጸ። በብሪታንያ እስከ 2,800 የሥራ ቦታ ይቀነሳል ተባለ፤ አብዛኛው በዚህችው ከተማ ነው። አንደኛው ምድጃ በጁላይ 2024፣ የመጨረሻው ደግሞ በሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ጠፋ።

በምትኩ የሚመጣው የኤሌክትሪክ አርክ ምድጃ ነው። ወጪው 1.25 ቢሊዮን ፓውንድ ሲሆን ከዚህ ውስጥ 500 ሚሊዮኑን የሚከፍለው መንግሥት ነው። ከባቢ አየርን በሚመለከት ትልቅ ለውጥ ነው፤ ከፋብሪካው የሚወጣውን ካርቦን በ90 በመቶ ያህል ይቀንሳል ተብሏል። ግን ግንባታው የተጀመረው በጁላይ 2025 ነው፤ ሥራ ይጀምራል የተባለው ደግሞ በ2027 መጨረሻ ገደማ ነው። ያውም አዲሱ ምድጃ የሚፈልገው ሠራተኛ ከድሮው በጣም ያነሰ ነው።

ችግሩ ገባችሁ? አሮጌው ጠፋ፤ አዲሱ ገና አልበራም። በመሐል ከሦስት ዓመት በላይ አለ። የሠራተኛ ማኅበራቱ «አዲሱ እስኪጠናቀቅ አንደኛው ምድጃ ይንደድ» ብለው አማራጭ አቅርበው ነበር። ኩባንያው ወጪው አይቻልም ብሎ አልተቀበለም። ለሥልጠናና ለአነስተኛ ንግድ መርጃ የሚሆን 100 ሚሊዮን ፓውንድ ተመድቧል። በዚህ መሐል ፋብሪካው የሚዳምጠው ብረት ከሌላ አገር ይመጣል። እንግዲህ አንዱ አገር ካርቦኑን ሲቀንስ፣ ያው ብረት ሌላ ቦታ በአሮጌው መንገድ ይሠራ ይሆናል።

እኛ በካምፕ የምንኖር ሰዎች የዚህን ነገር ስሜት እናውቀዋለን። ሃያ ዓመት የሠሩበት ሙያ ድንገት ዋጋ ሲያጣ፣ የያዙት ወረቀት አዲስ ቦታ ላይ አልታወቀም ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረን አያስፈልግም። የብላስት ፈርነስ ባለሙያ እሳቱን አይቶ ሙቀቱን ይገምታል። ምድጃው ሲጠፋ ግን ያን ዕውቀት ይዞ የሚሄድበት በር የለውም።

ሌላ ዓይነት አዘጋግ

ከብረት ጋር ተያይዞ የኖረውን የጀርመንን የድንጋይ ከሰል ማዕድን እንይ። በ1957 ከ600,000 በላይ ሰዎች ይሠሩበት ነበር። ከዚያ በኋላ ከሰሉ ከውጭ ከሚገባው ጋር በዋጋ መወዳደር አቃተው። በ2007 መንግሥት፣ ኩባንያውና የሠራተኛ ማኅበሩ ተቀምጠው ተስማሙ፤ ሥራው በ2018 ያበቃል፣ ማንም ሠራተኛ ግን በግዳጅ አይባረርም ተባለ። በዚያን ጊዜ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች ነበሩ። በዕድሜ የገፉት ቀድመው ጡረታ ወጡ፤ ወጣቶቹ ሠልጥነው ወደ ሌላ ሥራ ተዛወሩ። የመጨረሻው ጉድጓድ በቦትሮፕ ከተማ በዲሴምበር 21 ቀን 2018 ተዘጋ።

ሁሉም ነገር ተሳካ ማለት አይደለም። ብዙ የመንግሥት ገንዘብ ፈሷል፤ በአካባቢው ካሉት ከተሞች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ጌልዘንኪርሽን፣ ዛሬም በጀርመን ከፍተኛ ሥራ አጥነት ካለባቸው መካከል ናቸው። ነገር ግን ሠራተኛው አሥራ አንድ ዓመት ቀድሞ አውቋል። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚባለው እንዲህ ነው።

ፍትሐዊ ሽግግር የሚባለው ቃል ትርጉሙ ይኸው ነው። በ2015 የፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት በመግቢያው ላይ ጠቅሶታል፤ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም በዚያው ዓመት መመሪያ አውጥቶለታል። በእኔ አስተያየት መለኪያው ቅደም ተከተሉ ነው። ቀድሞ የመጣው መዝጋቱ ነው ወይስ ማዘጋጀቱ? ምድጃውን መቀየር የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ፣ አሮጌው ጠፍቶ አዲሱ እስኪበራ ሰው የሚቆምበትን ቦታ ማዘጋጀት ነው።

በአገሮች መካከልስ?

ፍትሕ በአገሮችም መካከል አለ። አፍሪካ ዓለም ከሚለቀው ካርቦን የሚደርሳት ድርሻ ከመቶ አራት ያህል ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ከውጭ በሚገባ ብረት፣ ሲሚንቶ፣ አሉሚኒየምና ማዳበሪያ ላይ በሚለቀው ካርቦን ልክ ክፍያ እንዲታሰብ አድርጓል። ደጋፊዎቹ «ፋብሪካዎች ካርቦናቸውን ይዘው ወደ ሌላ አገር እንዳይሸሹ ነው» ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ «ጥፋቱ ያልነበረበት ድሃ አገር ለምን ይከፍላል?» ይላሉ። ሁለቱም አባባል ውስጥ እውነት አለ።

አካባቢያችን ግን ባዶ እጁን አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል የሚመጣው ከውሃ ነው፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በሴፕቴምበር 2025 ተመርቋል። ኬንያ ከምድር እንፋሎት፣ ከውሃና ከነፋስ ታመነጫለች። የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚፈልገው ይህንን ነው። የሚጎድለው ገንዘብና የሠለጠነ ሰው ነው።

ስለዚህ ለብየዳ ተማሪው የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ ሙያህን አትተው። ግን ብየዳውን ብቻ አትማር። ኤሌክትሪክ ጨምርበት፣ ሒሳብና ኬሚስትሪ ጨምርበት። አንድ ምድጃ ብቻ የሚያውቅ ሰው ምድጃው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ምድጃው ለምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ግን አዲሱም ዘንድ ቦታ ያገኛል። ይህን የማስተማር ኃላፊነት ደግሞ የእኛ የመምህራን ነው።

ለክፍል ሥራ

1. ሦስት ሚስማር ውሰዱ። አንዱን ውሃ ግማሹን ድረስ በሞላ ብርጭቆ፣ አንዱን በደረቅ ዕቃ፣ አንዱን ዘይት ቀብታችሁ በእርጥብ ጨርቅ አስቀምጡ። ከሳምንት በኋላ የትኛው ዛገ? ለምን?

2. የአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ 3 ቶን ቆርቆሮ ቢፈጅና እያንዳንዱ ቶን 2.2 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢያስወጣ፣ በጠቅላላው ስንት ቶን ይወጣል?

3. ክፍሉን ለሁለት ክፈሉና ተከራከሩ። አንዱ ቡድን «የፖርት ታልቦት ምድጃ ወዲያው መዘጋቱ ልክ ነው» ይበል፤ ሌላው «አዲሱ እስኪበራ መቆየት ነበረበት» ይበል። ከዚያ ቡድኖቹ ቦታ ተለዋውጠው እንደገና ይከራከሩ።