ከእጅ ስልካችን ቀና ብለን እንመልከት

በሐዋሳ ማለዳ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ከሐይቁ ስበው ወደ አሞራ ገደል ይመጣሉ፤ አባ ኮዳዎችም በዳርቻው ቆመው የዕለት ምግባቸውን ይጠባበቃሉ። ጌታችን የሰማይን ወፎች አይተን በአባታችን መግቦት እንድንታመን ያስተማረን ትምህርት (ማቴ. 6፥26) በዚያ በየዕለቱ ይታያል። እኛ ግን ዓይናችንን ከእጅ ስልካችን ሳናነሣ እናልፋለን።

በከተማዋ ያለው ተራራ ታቦር ይባላል። ስሙ ነሐሴ 13 ቀን የምናከብረውን የጌታችንን ብርሃነ መለኮት መገለጥ ያስታውሰናል። ወንጌላዊው ሉቃስ እንደ ጻፈው፣ ጴጥሮስና ባልንጀሮቹ እንቅልፍ ከብዷቸው ነበር፤ ክብሩን ያዩት በነቁ ጊዜ ነው (ሉቃ. 9፥32)። ክብሩ አልራቃቸውም፤ የከበደው ዓይናቸው ነበር።

የእኛም ዓይን እንዲሁ ከብዷል። ስልክ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ውዳሴ ማርያም እናነብበታለን፤ ስብከትም እናዳምጥበታለን። ነገር ግን ሐምሌና ታኅሣሥ 19 ቀን በቅዱስ ገብርኤል በዓል ታቦቱ ሲወጣ ከመስገድ ይልቅ ለመቅረጽ ከተሽቀዳደምን፣ ምስሉን ይዘን በረከቱን ሳናስተውል እንመለሳለን።

በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ ወደ ምሥራቅ እንድንመለከት ያዝዘናል። ይህን ትእዛዝ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣም እንያዘው። ማለዳ ስልካችንን ከመክፈታችን በፊት አማትበን እንጸልይ፤ በማዕድ ጊዜ አስቀምጠነው የቤተሰባችንን ፊት እንይ፤ በመንገድ እጁን የዘረጋውን ነዳይ እናስተውል፤ ለእርሱ ያደረግነው ለክርስቶስ ነውና (ማቴ. 25፥40)።

አምላካችን ዓይነ ልቡናችንን ያብራልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።