አጥሩ ጅብን ያቆማል፤ ነብርንስ?

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ገጠር ያደጋችሁ ልጆች፣ በረት ለምን በእሾህ እንደሚታጠር ታውቃላችሁ፤ ለጅብ ነው። ጅብ ግን ዛፍ አይወጣም። ነብር ይወጣል፤ የገደለውን ድኩላ ሳይቀር ጎትቶ ዛፍ ላይ ይሰቅላል። ስለዚህ ጣሪያ የሌለው አጥር አያግደውም።

ችግሩ የሚብሰው ከገባ በኋላ ነው። ጫካ ውስጥ አንዱ ሲያዝ ሌሎቹ ይበተናሉ። በረት ውስጥ ግን መሸሻ የለም። እንስሳቱ ሲራወጡ የነብሩ የአደን ስሜት አይበርድም፤ ከሚበላው በላይ ይገድላል። በአንድ ሌሊት ፍየሎቹን ያጣ ገበሬ ወጥመድና መርዝ ቢያስብ ምን ይገርማል? ጫካው ለእርሻ ሲመነጠርና ድኩላው ሲያልቅ ደግሞ ነብሩ ወደ በረቱ ይበልጥ ይጠጋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በሕንድ የላዳክ ተራሮች፣ የነብር ዘመድ የሆነው የበረዶ ነብር በዚሁ ምክንያት ይገደል ነበር። የበረቶቹ አናት በሽቦ መረብ ሲሸፈን፣ በሩም ሲጠብቅ፣ በጎቹም ነብሩም እፎይ አሉ።

የእኛም ነብር በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት ተጋላጭ ከሚባሉት አንዱ ነው። ማሳ የሚያወድመውን ዝንጀሮ የሚያድነውም እሱ ነው። እስቲ ዛሬ ማታ በረታችሁን ቀና ብላችሁ እዩት፤ ከላይ ክፍት ነው?