በማሳቹሴትስ ትንንሽ ከተሞች የመኖሪያ ቦታ ድልድልና የነዋሪዎች ጉባኤ

በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት ከሚገኙት ትንንሽ ከተሞች ብዙዎቹ የሚተዳደሩት ከቅኝ ግዛት ዘመን በወረሱት የነዋሪዎች ጉባኤ ነው። የሕዝባቸው ቍጥር 6,000 ያልደረሰ ከተሞች ጉባኤውን በተመራጮች እንዲተኩ ሕግ አይፈቅድላቸውም፤ በመራጭነት የተመዘገበ ሰው ሁሉ ራሱ ተገኝቶ ይናገራል፤ ድምፅም ይሰጣል።

ከፍ ያለ ክርክር ከሚያስነሡት ጕዳዮች አንዱ «ዞኒንግ» የተባለው የመሬት ድልድል ነው፤ ይኸውም በየክፍሉ ምን ዐይነት ቤት፣ በምን ያህል ስፋትና ከፍታ እንደሚሠራ የሚወስን ደንብ ማለት ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድልድሉን ሕጋዊ ያደረገው በ1926 (ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ዩክሊድ የተባለችው የኦሃዮ መንደር በተከራከረችበት ፍርድ፣ በ6 ዳኞች ድምፅ በ3 ላይ ነው። በዚያ ፍርድ የኪራይ አፓርታማ በነጠላ ቤቶች መካከል ሲቆም እንደ ጥገኛ ተቈጥሯል። ዛሬ ይህን ቃል ደፍሮ የሚናገር ጥቂት ነው፤ በምትኩ ስለ መኪና ብዛት፣ ስለ ትምህርት ቤት መጣበብና ስለ «ከተማው ጠባይ» ይነገራል።

ለውጥ ሲታሰብ በመጀመሪያ የፕላን ቦርዱ የሕዝብ አስተያየት መስሚያ ስብሰባ ይጠራል። ማስታወቂያው በሁለት ተከታታይ ሳምንታት በጋዜጣ ይወጣል፤ የፊተኛውም ከስብሰባው ቢያንስ 14 ቀን መቅደም አለበት። ጉባኤው ድምፅ የሚሰጠው የቦርዱ ሪፖርት ከቀረበ ወይም ከስብሰባው በኋላ 21 ቀን ካለፈ ነው። ቀድሞ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ግዴታ ስለ ነበረ፣ ከመቶ 34 ሰው የተቃወመው ሐሳብ ይወድቅ ነበር። በጃንዋሪ 2021 የወጣው ሕግ ለአንዳንድ የመኖሪያ ቤት ጕዳዮች ተራ ብልጫ እንዲበቃ ፈቀደ።

በስብሰባው ላይ ተናጋሪው ስሙንና አድራሻውን ያስታውቃል፤ ብዙዎች ግን ሳይጠየቁ በከተማው የኖሩበትን ዘመን ይጨምራሉ። በቀድሞው የርስት ሥርዓት ባለርስቱ የአባቶቹን ስም እየቈጠረ መብቱን ያስረዳ እንደ ነበረ፣ በዚህም ስፍራ የዓመታት ቍጥር የመናገር ሥልጣን የሚሰጥ ይመስላል። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ካትሪን አይንስታይን፣ ዴቪድ ግሊክና ማክስዌል ፓልመር የ97 ከተሞችን ቃለ ጉባኤ መርምረው በ2019 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ተናጋሪዎቹ ከሌላው መራጭ ይልቅ በዕድሜ የገፉ፣ ወንዶች፣ የቤት ባለቤቶችና ነባር ነዋሪዎች መሆናቸውን አሳይተዋል። አዲስ ቤት መሠራቱን የደገፉት ከመቶ 15 ያህል ብቻ ነበሩ። ይህም የተናጋሪዎቹ ክፋት ብቻ አይደለም። ጎረቤት የሚያጣው ፀሓይና ጸጥታ ዛሬ የሚታይ ነው፤ ባልተሠራው ቤት የሚገባው ቤተ ሰብ ግን ገና በሌላ ከተማ ይኖራል፤ በመዝገቡም ስሙ የለም።

ሆኖም የተሳታፊው መብዛት ብቻውን ውጤቱን አይለውጥም። ያው የ2021 ሕግ፣ በቦስተን የሕዝብ ማመላለሻ መሥመር የሚጠቀሙ 177 ከተሞች ብዙ ቤተ ሰብ የሚኖርባቸው ቤቶች በቀጥታ የሚፈቀዱበትን ክፍል እንዲደለድሉ ያዛል። በሚልተን ከተማ የተመራጮች ጉባኤ ድልድሉን በዲሴምበር 2023 ቢያጸድቀውም፣ መላው መራጭ በፌብሩዋሪ 2024 ድምፅ ሰጥቶ ሻረው። የክፍለ ግዛቱ የበላይ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2025 ሕጉ ከተማዪቱን እንደሚያስገድድ ወሰነ፤ የአፈጻጸሙን መመሪያ ግን ራሱ በተገቢው ሥርዓት ስላልወጣ ውድቅ አደረገው። ጕድለቱም ለሕዝብ በሕግ እንደሚገባ አለመታወቁ ነበር።