ገመዱ ሳይግል ምጣዱ ለምን ይግላል?

ልጅ ሳለሁ እናቴ እንጀራ ስትጋግር ወደ ኤሌክትሪክ ምጣዱ ከተጠጋሁ ሁሌም የምትለኝ ነገር ነበር፦ «አንተ ልጅ፣ ጫማህን አድርግ! ይነዝርሃል።» አንድ ቀን አልሰማኋትም። ምጣዱ ተሰክቶ ገና ሳይግል፣ በባዶ እግሬ ቆሜ በእርጥብ ጣቴ ጠርዙን ስነካው ኮረንቲው እስከ ክርኔ ድረስ ነዘረኝ። ድንጋጤው ሲያልፍ አንድ ጥያቄ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ምጣዱ ሸክላ ነው፤ ሸክላ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ይባላል። ታዲያ እንዴት ነዘረኝ?

መልሱን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ ምህንድስና ስማር ነው። ዛሬ ከዚያው ምጣድ ተነስተን ሦስት ዓይነት ቁሶችን እንተዋወቅ፦ አስተላላፊ፣ ዳይኤሌክትሪክ እና ሱፐርኮንዳክተር።

ሽቦውና ገመዱ

ምጣዱን ከሥር ብታዩት በሸክላው ላይ በተቆፈሩ ቦዮች ውስጥ የተጠመጠመ ሽቦ ታገኛላችሁ። ይህ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ኒክሮም የሚባል የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ነው። ከሶኬቱ የሚመጣው ገመድ ውስጥ ያለው ግን መዳብ ነው። ሁለቱም ብረታ ብረቶች ስለሆኑ ሁለቱም አስተላላፊዎች ናቸው።

አስተላላፊ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? በብረታ ብረት ውስጥ ከእያንዳንዱ አቶም አንድ ወይም ከዚያ በላይ ኤሌክትሮኖች ተለቀው፣ እረኛ እንደሌለው መንጋ በቁሱ ውስጥ ይዘዋወራሉ። ምጣዱን ሶኬት ላይ ስንሰካው እነዚህ ኤሌክትሮኖች ወዲያና ወዲህ ይገፋሉ። የሚገርመው ግፊያው በሽቦው ውስጥ ለብርሃን በቀረበ ፍጥነት ሲደርስ፣ ኤሌክትሮኖቹ ራሳቸው ግን በጣም ቀርፋፋ መሆናቸው ነው። በምጣድ ገመድ ውስጥ በሰከንድ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሄዱም፤ ጉንዳን ትቀድማቸዋለች!

በመንገዳቸው ላይ ደግሞ እንቅፋት አለ። ከሚርገበገቡት አቶሞች ጋር እየተጋጩ ጉልበታቸውን ይሰጣሉ፤ ያ ጉልበት ሙቀት ይሆናል። ይህንን እንቅፋት ሬዚስታንስ እንለዋለን። በመዳብ ውስጥ አቶሞቹ ሥርዓት ባለው ረድፍ ስለተደረደሩ ኤሌክትሮኖች ብዙም ሳይቸገሩ ያልፋሉ። በኒክሮም ውስጥ ግን ኒኬሉና ክሮሚየሙ ያለ ረድፍ ስለተደባለቁ ግጭቱ ይበዛል። ርዝመታቸውና ውፍረታቸው እኩል የሆነ የኒክሮምና የመዳብ ሽቦ ብንወስድ፣ የኒክሮሙ ሬዚስታንስ ከመዳቡ 60 ጊዜ በላይ ይበልጣል።

እስቲ እናስላው። 3,500 ዋት የሚፈልግ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ ወደ 16 አምፒር ይስባል። መንገዱ አንድ ስለሆነ በገመዱም በሽቦውም የሚያልፈው ያው 16 አምፒር ነው። የሚፈጠረው ሙቀት ግን የኮረንቲው ካሬ ሲባዛ በሬዚስታንስ ነው። የምጣዱ ሽቦ ሬዚስታንስ ወደ 14 ኦም ይጠጋል። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለውና 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ገመድ ግን መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 0.03 ኦም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ምጣዱ ላይ 3,500 ዋት ገደማ ሲፈጠር፣ በመላው ገመድ ላይ የሚፈጠረው 7 ዋት ያህል ብቻ ነው። ገመዱ የማይግለው ለዚህ ነው። (ሶኬቱ አካባቢ ቢግል ግን ተጠንቀቁ! ግንኙነቱ ላልቷል፣ እዚያች ነጥብ ላይ ሬዚስታንስ ተፈጥሯል ማለት ነው። እሳት ሊያስነሳ ይችላል።)

7 ዋት ምንም አይደል፤ ገመዱ ሁለት ሜትር ስለሆነ ነው። በመቶዎች ኪሎሜትር ቢሆንስ? ከህዳሴ ግድብ ወደ ሆለታ የተዘረጋው መስመር 500 ሺህ ቮልት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ያንኑ ኃይል ይዘን ቮልቴጁን እጥፍ ብናደርግ ኮረንቲው በግማሽ ይቀንሳል፤ በሙቀት የሚባክነው ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ሸክላው

ሸክላ፣ ብርጭቆ፣ ፕላስቲክና ደረቅ እንጨት ውስጥ ኤሌክትሮኖች የተለቀቀ መንጋ አይደሉም። እያንዳንዱ በየአቶሙ፣ በካስማ እንደታሰረ ፍየል ነው። ስለዚህ ኮረንቲ አይሄድም።

ግን የታሰረ ፍየልም ቢሆን ዝም ብሎ አይቆምም። ሣር ወዳለበት አቅጣጫ ገመዱ እስኪወጠር ይሳባል። እነዚህም ኤሌክትሮኖች ኤሌክትሪክ መስክ ሲያገኛቸው ካስማቸውን ሳይለቁ በትንሹ ወደ አንድ ወገን ያጋድላሉ። ኮረንቲን የማያሳልፍ፣ ግን በመስክ ውስጥ እንዲህ የሚያጋድል ቁስ ዳይኤሌክትሪክ ይባላል።

ልዩነቱን በስልካችሁ ማየት ትችላላችሁ። የስልኩ መስታወት ዳይኤሌክትሪክ ስለሆነ ኮረንቲን አያሳልፍም፤ ኤሌክትሪክ መስክን ግን ያሳልፋል። ከሥሩ በዓይን የማይታዩ ስስ የአስተላላፊ መስመሮች አሉ። ጣታችሁ ሲጠጋ የእነዚያን መስመሮች መስክ ስለሚለውጥ ስልኩ የት እንደነካችሁት ያውቃል። በተቃራኒው የብረት ሊፍት ውስጥ ስትገቡ ኔትወርክ የሚጠፋው ብረቱ ውስጥ የተለቀቁት ኤሌክትሮኖች ወዲያው ተንቀሳቅሰው የሬዲዮ ሞገዱን ስለሚመልሱት ነው።

ዳይኤሌክትሪክ ግን ገደብ አለው። መስኩ ከበረታ ካስማው ይነቀላል። ለምሳሌ ደረቅ አየር በአንድ ሚሊሜትር ወደ 3 ሺህ ቮልት ሲደርስበት ይሸነፍና ብልጭታ ይፈጠራል። መብረቅም የዚሁ ታላቅ ወንድም ነው።

ምጣዱን ያሸነፈው ግን እንዲህ ያለ ኃይለኛ መስክ አልነበረም። ሸክላ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ሲያረጅም ይሰነጠቃል። የሊጡ ውኃ በስንጥቁ ይሰርጋል። ንጹሕ ውኃ ኮረንቲን እምብዛም አያስተላልፍም፤ የሊጥ ውኃ ውስጥ ግን የሟሙ ጨውና አሲዶች ስላሉ ቻርጅ ተሸክመው የሚሄዱ አዮኖች ሞልተዋል። ስለዚህ ከሽቦው እስከ ጣቴ እርጥብ መንገድ ተከፈተ። ባዶ እግሬ ደግሞ መንገዱን ወደ መሬት ጨረሰው። የነዘረኝ ሸክላው ሳይሆን ውስጡ የገባው ውኃ ነበር።

የእናቴ ምክር ትክክል ነበር፤ የጎማ ጫማ ዳይኤሌክትሪክ ነውና መንገዱን ያቋርጣል። ግን ብቻውን አይበቃም። የሚነዝር ምጣድ «ሁሌም እንዲህ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ከሶኬቱ ይነቀል፣ የተሰነጠቀው ሸክላ ይቀየር፣ የመሬት ሽቦው መኖሩን ባለሙያ ያረጋግጥ።

ሬዚስታንስ የሌለው መንገድ

አሁን ወደዚያች «ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም» ወዳልናት ነገር እንመለስ። የእውነት የሚጠፋበት ቁስ አለ።

በ1911 በኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ሜርኩሪን በፈሳሽ ሂሊየም እያቀዘቀዘ ሬዚስታንሱን ይለካ ነበር። ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ሬዚስታንሱ በድንገት ጠፋ። «ቀነሰ» አይደለም፣ ጠፋ! እንዲህ ያለው ቁስ ሱፐርኮንዳክተር ይባላል። ከሱፐርኮንዳክተር በተሠራ ቀለበት ውስጥ የተጀመረ ኮረንቲ፣ ቅዝቃዜው እስካልተቋረጠ ድረስ ያለ ምንም ባትሪ ለዓመታት ይዞራል።

«ቀዝቅዞ አቶሞቹ ስለቆሙ ነዋ!» ትሉ ይሆናል። እንደዚያ ቢሆን ምርጥ አስተላላፊዎቹ መዳብና ብር ቀዳሚ በሆኑ ነበር። እነሱ ግን የቱንም ያህል ቢቀዘቅዙ ሱፐርኮንዳክተር ሲሆኑ አልታዩም፤ ከእነሱ በጣም የሚያንሰው እርሳስ ግን ይሆናል። ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር በ1957 ባቀረቡት ማብራሪያ መሠረት፣ በእነዚህ ብረቶች ውስጥ ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ፤ ጥንዶቹም ሁሉ እንደ አንድ አካል ይንቀሳቀሳሉ። አንዱን ለማደናቀፍ ሁሉንም ማደናቀፍ ስለሚጠይቅ ትንንሽ ግጭቶች አያስቆሟቸውም።

ሌላም ጠባይ አላቸው። በ1933 ማይስነርና ኦክሰንፌልድ እንዳሳዩት ሱፐርኮንዳክተር በውስጡ የነበረውን የማግኔት መስክ ገፍቶ ያስወጣል። ሬዚስታንሱ ዜሮ የሆነ ተራ አስተላላፊ ቢኖር፣ ቀድሞ የገባውን መስክ እንዳለ ያቆየው ነበር እንጂ አያስወጣም። ስለዚህ ሱፐርኮንዳክተር «በጣም ጎበዝ መዳብ» አይደለም፤ ሌላ ዓይነት ሁኔታ ነው። ማግኔት በላዩ ተንሳፎ የሚታየውም በዚህ ጠባዩ ነው።

እንደገና ወደ ሸክላ

እስከ 1986 ድረስ የታወቁት ሱፐርኮንዳክተሮች ሁሉ እጅግ ከባድ ቅዝቃዜ የሚጠይቁ ነበሩ። በዚያ ዓመት ዙሪክ አጠገብ የሚሠሩት ቤድኖርዝና ሙለር ማንም ባልጠበቀው ቦታ የተሻለ አገኙ፦ በሴራሚክ! አዎ፣ ዱቄት ተደባልቆ፣ በእሳት ተጠብሶ የሚሠራ የሸክላ ዘመድ። በማግስቱ ዓመት የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። በዚያው በ1987 ከይትሪየም፣ ባሪየም፣ መዳብና ኦክስጅን የተሠራ ሌላ ሴራሚክ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ አካባቢ ሱፐርኮንዳክተር ሆነ። ይህ ቅዝቃዜ በፈሳሽ ናይትሮጅን ይገኛል፤ ናይትሮጅን ደግሞ ከሂሊየም በጣም ይረክሳል።

ዛሬ የኤምአርአይ ማሽኖች ኃይለኛ ማግኔቶች የሚሠሩት በሱፐርኮንዳክተር ሽቦ ነው። በጀርመን ኤሰን ከተማም በ2014 አንድ ኪሎሜትር ያህል ርዝመት ያለው የሱፐርኮንዳክተር ገመድ ከከተማው የኤሌክትሪክ መረብ ጋር ተገናኝቷል። ታዲያ ከህዳሴ ግድብ ጀምሮ ለምን አንዘረጋውም? ማቀዝቀዣው ራሱ ሌት ተቀን ኃይል ይበላል፤ ሴራሚኩም በቀላሉ ይሰበራል። ሳይቀዘቅዝ፣ በተራ የክፍል ሙቀትና በተራ የአየር ግፊት የሚሠራ ሱፐርኮንዳክተር እስካሁን አልተገኘም። ሴራሚኮቹ በዚያ ሙቀት እንዴት እንደሚሠሩ እንኳ ሳይንቲስቶች የተስማሙበት ማብራሪያ የለም።

እንግዲህ «ሸክላ አያስተላልፍም» የሚለው አባባል ሁልጊዜ እንደማይሠራ አየን። የቁሱ ስም ብቻውን አይበቃም፤ ኤሌክትሮኖቹ ተለቀዋል? ታስረዋል? ወይስ ተጣምረዋል? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በክፍል ሙቀት የሚጣመሩበትን ቁስ የሚያገኘው ሰው ምናልባት ዛሬ ምጣድ አጠገብ ቆሞ «ለምን?» የሚል ልጅ ይሆናል። ጫማውን አድርጎ፣ በእርግጥ።