መምህሩም የሚማርበት ጊዜ ያግኝ

በአዲስ አበባ ሲኤምሲ አካባቢ የሚያስተምር መምህር ማታ ደብተር አርሞ ሲጨርስ በስልኩ መማር ይችላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ«5 ሚሊዮን ኮደሮች» ሥልጠና የኮምፒዩተር ፕሮግራም አሠራርና የመረጃ ትንተና በኢንተርኔት በነጻ ይሰጣል። ለፈጸመም የምስክር ወረቀት አለው። ሰዓቱን የሚመርጠው ሠልጣኙ ስለሆነ ሥራ ለሚበዛበት መምህር ይመቻል።

በገጠር ግን መብራትና ኔትወርክ ይቸግራል። መምህሩም ለስብሰባ፣ ለምዝገባና ለቅስቀሳ ሲጠራ የዕረፍት ሰዓቱ ያልቃል።

በስልክ በነጻ መማር ለገበሬው እንግዳ ነገር አይደለም። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ በ8028 ደውሎ የእርሻ ምክር ሲሰማ ቆይቷል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም የገበሬ ማኅበራት የመማሪያ ቦታ በማዘጋጀት ተባብረዋል። ያን ጊዜ ተማሪው ገበሬው ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ተራው የመምህሩ ነው።

ስለዚህ የገበሬ ቀበሌ መሪዎች ሁለት ነገር ሊያደርጉ ይገባል። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት የፀሐይ ኃይል ካለው መምህራን ስልካቸውን ቻርጅ ያድርጉበት። በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላም ለስብሰባ አይጠሩ። መምህሩ የተማረው ተመልሶ የሚደርሰው ለገበሬው ልጅ ነው።