ነጭ ዓሣ ስንት ዓይነት ነው? ባለሙያ ሳይሆኑ ስለ ሳይንስ መጻፍ

ከደልጊ እስከ ባሕር ዳር የጣና ዓሣ በአብዛኛው በሦስት ስም ይሸጣል፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። ሦስተኛው ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል።

ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነጭ ዓሣን በርካታ ዝርያ አድርጎ መዘገበው። በ1973 ባኒስተር የተባለ ተመራማሪ የመልኩ ልዩነት የአንድ ዝርያ መለዋወጥ ነው ብሎ ሁሉንም በአንድ ስም ጠቀለለ። በ2000 ደግሞ ናገልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች 15 ዝርያ ነው አሉ።

ዓሣ ያላጠና ጸሐፊ ታዲያ የትኛውን ይጻፍ? ብዙዎቻችን የመጨረሻውን ቁጥር ይዘን «ሳይንስ አረጋገጠ» እንላለን። አንባቢው ከዚህ የሚያገኘው ነገር የለም። ሊነገረው የሚገባው ቁጥሩ የተቀየረበት ምክንያት ነው፤ እሱ ደግሞ ለማንም ይገባል። ተመራማሪዎቹ የዓሣውን አፍና ጭንቅላት ለኩ፣ ምን እንደበላና የት እንደሚውል አዩ። የመልኩ ልዩነት ከአበላሉና ከአዋዋሉ ልዩነት ጋር ገጠመላቸው። ከ15ቱ 8ቱ ሌላ ዓሣ አዳኝ ሆነው ተገኙ። ይህ በጣም ያስደንቃል፤ የዚህ ወገን ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውምና። ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው።

ስለዚህ ተመራማሪን ስናነጋግር ዋናው ጥያቄ «በምን አወቃችሁ?» የሚለው ነው። መልሱ የታየውን ከተገመተው ይለያል። ከሐይቁ ወለል የወጣ ደለል ጣና ከ17,000 ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ እንደነበር ያሳያል፤ ይህ በማስረጃ የታየ ነው። 15ቱ ዝርያዎች ሐይቁ ዳግም ከሞላ ወዲህ ተለያዩ የሚለው ግን ከዚያ የተነሣ ግምት ነው። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማደባለቅ አንባቢን ማሳሳት ነው።

ጉዳዩ የሊቃውንት ክርክር ብቻም አይደለም። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች በርካታዎቹ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። በዚያ ወቅት በወንዙ አፍ መረብ ከተጣለ እንቁላል የያዙት ይያዛሉ። ዝርያው አንድ ቢሆን ኖሮ ሐይቁ ውስጥ የቀረው የጎደለውን ይተካ ነበር። 15 ከሆነ ግን «ነጭ ዓሣ» ገበያ ላይ እየተሸጠ አንዱ ዝርያ ማንም ሳያውቅ ሊጠፋ ይችላል። ይህን ለደልጊ አስጋሪ በሚገባው ቋንቋ መጻፍ የዓሣ ሊቅነትን አይጠይቅም። ረቂቁን ከመታተሙ በፊት ለሁለት ሰው ማስነበብ ግን ግድ ነው፦ ቁጥሩን ለሚያርም ተመራማሪና መረቡ የት እንደሚጣል ለሚያውቅ አስጋሪ።