«ይቻላቸዋል»፦ የውጫሌ ውልና የሶፍትዌር ፍላጎት ሰነድ

(በሐይቅ ከተማ ለተማሪዎችና ለመምህራን ከቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ በጽሑፍ የተገለበጠ)



ይህን ገለጻ እንዳዘጋጅ ስጠየቅ የተሰጠኝ ርእስ «የሶፍትዌር ባለሙያ በዚህ ዘመን ምን ያንብብ?» የሚል ነበር። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የወጣ አዲስ መጽሐፍ እንደምጠቅስ ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኔ ግን ሰሞኑን ጎን ለጎን አድርጌ ያነበብኋቸው ሁለት አጫጭር ሰነዶች ናቸው። አንደኛው የኢንተርኔት ኢንጂነሪንግ ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በማርች 1997 ያወጣው አርኤፍሲ 2119 ነው። ሁለተኛው ከዚህ ከሐይቅ በወልድያ መንገድ ወደ ሰሜን ጥቂት ተጉዘን በምንደርስበት በአምባሰል ምድር፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ነው።

ሁለቱን ምን አገናኛቸው ትሉኝ ይሆናል። ያገናኛቸው የራሴ ስህተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዎቼ ለአንድ መሥሪያ ቤት የክፍያ ፕሮግራም ሠርተው ነበር። በፍላጎት ሰነዱ ውስጥ «ከአምስት ሺህ ብር በላይ የሆነን ክፍያ የክፍሉ ኃላፊ ማጽደቅ ይችላል» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረ። ተማሪዎቼ ለኃላፊው የማጽደቂያ ቁልፍ ሠሩለት፤ ቢጫነውም ባይጫነውም ግን ክፍያው ያልፋል። የሰነዱ ጸሓፊዎች ማለት የፈለጉት ያለ ኃላፊው ፈቃድ እንዳይከፈል ነበር። ነገሩ የታወቀው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። ገንዘብ ያዥዋ ለሳምንታት ደብዳቤ ስትጽፍና ስታስረዳ ከረመች፤ ፕሮግራሙ የፈቀደላትን ከማድረግ በቀር ጥፋት አልነበረባትም። ሰነዱን አንብቤ «ግልጽ ነው» ብዬ የተቀበልሁት እኔ ነበርሁ።

አርኤፍሲ 2119 ይህን ዐይነቱን ችግር ለመከላከል የተጻፈ ነው። አዘጋጁ ስኮት ብራድነር የጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላትን ፍቺ ይወስናል። «መስት» ፍጹም ግዴታ ነው። «ሹድ» ማለት መዘዙ በሚገባ ተመዝኖ በቂ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ሊፈጸም የሚገባ ነገር ነው። «ሜይ» ለፈጻሚው ፈቃድ የተተወ ነው። እስከዚህ ድረስ መዝገበ ቃላትም ይነግረናል። ሰነዱ የሚልቀው «ሜይ» በሌላው ወገን ላይ የሚጥለውን ግዴታ በመግለጹ ነው፤ አንዱ በፈቃዱ የተተወለትን ነገር ቢያደርግም ባያደርግም፣ ሌላው በሁለቱም ሁኔታ አብሮት ለመሥራት መዘጋጀት አለበት። «ያደርገዋል» ብሎ በዚያ ላይ መገንባት አይፈቀድለትም።

ወደ ውጫሌ እንሂድ። የአንቀጽ 17 አማርኛ፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣልያንኛው ግስ «ኮንሴንቴ» ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ መንግሥት በኩል ለመነጋገር ተስማምተዋል ማለት ነው። አማርኛው «ሜይ» ሲል ኢጣልያንኛው ወደ «መስት» ተጠጋ። የኢጣልያ መንግሥትም በራሱ ቅጂ ላይ ገነባ፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 11 ቀን 1889 አንቀጹን ለአውሮፓ ኃያላን አሳውቆ ኢትዮጵያን በጥበቃው ሥር እንዳለች አገር አስቆጠራት። ምኒልክ ልዩነቱን በሚገባ የተረዱት ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ለጻፉት ደብዳቤ፣ ጉዳይዎ በኢጣልያ በኩል ይምጣ የሚል መልስ ሲደርሳቸው ነው። በእኛ ሙያ አነጋገር፣ ስህተቱ የተገኘው ሥርዓቱ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ፣ በሦስተኛ ወገን መልስ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1890 ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው ተቃወሙ፤ በ1893 ውሉን እንደማይቀበሉት አስታወቁ፤ የቀረውን ዐድዋ ጨረሰው።

ስህተቱ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው አይደለም በሚለው ላይ ስቬን ሩበንሰንና ካርሎ ጂሊዮ እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 በጽሑፍ ተከራክረዋል። ክርክሩን ለታሪክ ክፍል ባልደረቦቼ እተወዋለሁ። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ብዙ ሰው የማይጠቅሰው አንቀጽ 19 ነው። ሁለቱ ቅጂዎች ፍጹም የተስማሙ ስለሆኑ እኩል ይታመናሉ ይላል። መስማማታቸውን የመረመረ ሳይኖር መስማማታቸው ተደነገገ፤ ቢለያዩ የትኛው እንደሚጸና የሚናገር ቃል የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 106 የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው መሆኑን የደነገገው በዚህ ዐይን ሲታይ ቀላል ነገር አይደለም። ደንበኛው በአማርኛ ነግሯችሁ እናንተ በእንግሊዝኛ ሰነድ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ሲለያዩ የትኛው እንደሚጸና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉ። ይህን የጻፈ የተማሪ ቡድን እስካሁን አልገጠመኝም።

አንድ ችግር ይቀራል። አርኤፍሲ 2119ን ያሻሻለው አርኤፍሲ 8174 እ.ኤ.አ. በ2017 ቃላቱ ልዩ ፍቺ የሚኖራቸው በትልልቅ ፊደላት ሲጻፉ ብቻ ነው ብሏል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ስለዚህ መድኃኒቱን እንዳለ ልንወስደው አንችልም። በዚያ ላይ «ይችላል» በአማርኛችን ችሎታም፣ ፈቃድም፣ ሥልጣንም ነው። «ኃላፊው ማጽደቅ ይችላል» ሲባል «የማጽደቅ ሥልጣን የእርሱ ብቻ ነው» ብሎ የሚሰማ ቢሮ አለ፤ «ቢፈልግ ያጸድቃል» ብሎ የሚሰማ ፕሮግራመርም አለ። ሁለቱም አማርኛ ያውቃሉ።

እኔ አሁን ተማሪዎቼን የማስጠይቃቸው «ባይሆንስ?» የሚለውን ነው። አንቀጽ 17ን እንዲህ ብንጠይቀው፣ ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ በኩል ባይልኩስ? አማርኛው «ምንም የለም» ሲል ኢጣልያንኛው «ውል ፈረሰ» ይላል፤ ልዩነቱ ከፊርማው በፊት ይወጣ ነበር። ያንን የክፍያ ሰነድ መልሰን ስንጽፈው «ይችላል» የሚለውን ቃል አወጣነው፤ ሁለት አሉታ የተሸከመው ያገራችን አነጋገር የተሻለ አገለገለን። ዐረፍተ ነገሩ አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «ከአምስት ሺህ ብር በላይ የሆነ ክፍያ የክፍሉ ኃላፊ ካላጸደቀው በቀር አይፈጸምም።»